ከጥብቅ የሃይማኖት ማኅበር ለመውጣት፦ ጎንደር ላይ ላደጋችሁ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ይህን መመሪያ የምጽፈው ጎንደር ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ በሩን ለውጭ ሰው በዘጋ ጥብቅ የሃይማኖት ማኅበር ውስጥ ተወልዳችሁ ላደጋችሁና መውጣት ለምታስቡ ነው። እኔም ያደግሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ማኅበሩን በስም አልጠራም፤ እናቴ ዛሬም እዚያው ናት። የእናንተ ማኅበር ከኦርቶዶክስ፣ ከፕሮቴስታንት፣ ከእስልምና ወይም ከሌላ ወገን የተገነጠለ ሊሆን ይችላል፤ አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። ቃሉ የማይመረመር አንድ ሰው አለ። ከግቢው ውጭ ያለው ሁሉ ርኩስ ነው። ከጎረቤት ጋር ማዕድ አይቆረስም። የወጣ ሰው ሰላምታ ይነፈጋል፤ ስሙም በቤቱ አይነሣም።

ጎንደር ላይ ሰው የሚኖረው በሰው ነው። ወላጅ፣ ጎረቤት፣ የክርስትና አባት፣ እድር፣ በመጨረሻም ቀባሪ ያስፈልገዋል። መውጣት የሚያስፈራው ማኅበሩ እነዚህን ሁሉ በአንድ እጅ ጠቅልሎ ስለያዘ ነው። ስለዚህ ሥራችሁ እያንዳንዳቸውን በትዕግሥት በራሳችሁ እጅ መልሳችሁ መያዝ ነው። ስለ እግዚአብሔር ያላችሁን ጥያቄ አስቀድማችሁ መጨረስ አይጠበቅባችሁም። እሱ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ቤት ኪራይ ግን በየወሩ ይከፈላል።

መጀመሪያ፦ ጥብቅነትንና እስርን ለዩ

ጥብቅ ሆኖ መኖር በራሱ ክፉ አይደለም። በእኛ ከተማ ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ የሚያነጋ፣ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሞልቷል። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ ዜማ ይማራል። ነገር ግን ያ ተማሪ በፈቃዱ መጥቷል፤ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው የኔታ ቢሄድ የሚረግመው የለም።

ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ስትታመሙ ሐኪም ቤት መሄድ ይፈቀድላችኋል? መታወቂያችሁና ደመወዛችሁ በማን እጅ ነው? ማንን እንደምታገቡ ማን ይወስናል? በንስሐ የተናገራችሁት ነገር ተመልሶ በጉባኤ ፊት ተነግሮ ያውቃል? ከማኅበሩ የወጣ ወንድማችሁን መንገድ ላይ ሰላም ብትሉት ምን ይደርስባችኋል? ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ወንድምን ሰላም ማለት የሚያስቀጣ ከሆነ የተያዛችሁት በእምነት ሳይሆን በፍርሃት ነው። መልሶቻችሁ ቀላል ከሆኑ ግን ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ ከአባታችሁ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፤ ይህ መመሪያ ለእናንተ አይደለም።

እኛ ቤት መጠየቅ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ ነበር የምንማረው። የጎንደርን ታሪክ ሳነብ ግን ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡን በግድ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ለማስገባት ሞክረው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከፋሲል በኋላም በጎንደር ነገሥታት ፊት ስለ ክርስቶስ የተለያየ ትምህርት የያዙ የቅባት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ሊቃውንት በጉባኤ ተከራክረዋል፤ ክርክሩ እስከ 1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ዘልቋል። ሊቃውንቱ ነገሥታት ባሉበት የጠየቁበት አገር ላይ እናንተ መጠየቃችሁ አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፦ ዝም በሉ

ውሳኔያችሁን ለብዙ ሰው አትናገሩ። ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ፤ ያም ሰው ከማኅበሩ ውጭ ያለ፣ በክፉ ቀን ደጁን የሚከፍትላችሁ ይሁን፤ የእናት ወገን አክስት፣ የቀድሞ መምህር፣ የሥራ ባልደረባ። ለታናናሾቻችሁ አትንገሩ። ስለሚያጋልጧችሁ አይደለም፤ ከወጣችሁ በኋላ «ታውቅ ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ እንዲዋሹ ወይም እንዲቀጡ ስለምታደርጓቸው ነው። እስከዚያው ጾሙንም ጸሎቱንም እንደ ወትሮው ቀጥሉ። ከመሪው ጋር የቃላት ሙግት አትግጠሙ። ሙግቱን ብታሸንፉም በሩ ይበልጥ ይዘጋባችኋል።

ሦስተኛ፦ ወረቀት፣ ስልክና ገንዘብ

በስማችሁ የሆነ ነገር ሁሉ በእጃችሁ ይግባ። በመጀመሪያ የቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ፋይዳ፣ በመጨረሻም የትምህርት ማስረጃ። ወረቀቶቹ በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ከተቆለፉ ሣጥኑን አትስበሩ፤ በስርቆት ያስከስሷችኋል። የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የትምህርት ማስረጃ ደግሞ ትምህርት ቤታችሁ መዝገብ ውስጥ አለ። የፋይዳ ምዝገባ በነፃ ነው፤ ቁጥሩ ግን የሚላከው ባስመዘገባችሁት ስልክ ስለሆነ ከሁሉ በፊት በራሳችሁ ስም የወጣ ሲም ካርድ ይኑራችሁ። በአባታችሁ ወይም በማኅበሩ ስም የወጣ ሲም ካርድ ነገ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ገንዘብ በትንሽ በትንሹ አስቀምጡ። ቴሌብር የባንክ ደብተር ስለሌለው ቤት ውስጥ የሚገኝ ወረቀት አይተውም፤ ስልካችሁን የሚፈትሽ ሰው ካለ ግን መልእክቶቹን አጥፉ፤ የምስጢር ቁጥሩንም የልደት ዓመታችሁ አታድርጉት። ግብ ካስፈለጋችሁ የሦስት ወር የቤት ኪራይና የአንድ ወር ቀለብ ያህል ይሁን። ደመወዛችሁን ሙሉ በሙሉ ለማኅበሩ የምታስረክቡ ከሆነ በአንድ ጊዜ አታቋርጡ፤ ትርፍ ሰዓት፣ የቅዳሜ ሥራ፣ የማስጠናት ገቢ የመሳሰለውን ለብቻው ያዙ።

አራተኛ፦ ሕጉ የሚሰጣችሁንና የማይሰጣችሁን እወቁ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ ነፃነት እንዳለው፣ ይህንንም ነፃነት በማስገደድ መገደብ እንደማይቻል ይደነግጋል። ያው አንቀጽ ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት እንዳላቸውም ይናገራል። ስለዚህ 18 ዓመት የሞላችሁ ከሆነ ከቤት ለመውጣት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ካልሞላችሁ ግን ዝም ብላችሁ ወደ ጎዳና አትውጡ። ትምህርት ከተከለከላችሁ፣ ከተደበደባችሁ፣ ሕክምና ከተነፈጋችሁ ወይም ልትዳሩ ከሆነ ለምታምኑት መምህር ንገሩ፤ አብራችሁም ወደ ክፍለ ከተማው የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ሂዱ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው፤ ከዚያ በታች ያለችን ልጅ ማግባት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ያስቀጣል። «በራእይ ታዝዟል» የሚል መከላከያ በፍርድ ቤት የለም።

ባለትዳር የሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊትም ጋብቻ ነው። ማኅበሩ «ጋብቻሽ ፈርሷል፣ ልጆቹ የእኛ ናቸው» ቢላችሁ ቃሉ ሕጋዊ ኃይል የለውም፤ ፍቺ የሚጸናው በፍርድ ቤት ነው። የልጆች አስተዳደግ፣ ቀለብና የጋራ ንብረት ክፍፍልም የሚወሰነው እዚያው ነው። ልጆች ካሏችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አምስተኛ፦ የት ታድራላችሁ?

ብዙዎች ወዲያው ከጎንደር መራቅ ይፈልጋሉ። እኔ የምመክረው መራቅን ለድብደባ ወይም ለግዳጅ ጋብቻ ለተጋለጠ ሰው ብቻ ነው። ባሕር ዳር በማክሰኝት፣ በእንፍራንዝ፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምትሄዱ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም በመናኸሪያ ጠይቁ፤ በቀንም ተጓዙ። አደጋ ከሌለባችሁ ግን የሚያውቃችሁ ሰው፣ ሥራ የሚሰጣችሁ ሰው፣ ነገም እናታችሁ ልትመጣበት የምትችለው ቤት የሚገኘው እዚሁ ነው። ከተማዋ ሰፊ ናት፤ ማኅበራችሁ አዘዞ ከሆነ ማራኪ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች አሉ፤ በደባል መኖር ኪራዩን ያቀልላል፤ ብቸኝነቱንም እንዲሁ።

እህቶቼ ይህን በተለይ ስሙ። ቤት ለቅቃ የወጣች ልጅ መናኸሪያ ላይ በቀላሉ ትታወቃለች። «መተማ ጥሩ ሥራ አለ፣ ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ» የሚል ደላላ ካገኛችሁ አትከተሉት። ከአንዱ እጅ ወጥቶ ሌላ እጅ ውስጥ መውደቅ የሚጀምረው ባልተከፈለ የትራንስፖርት ዕዳ ነው።

ስድስተኛ፦ የመውጫው ቀን

ቀኑን ተራ ቀን አድርጉት። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን፣ ጠዋት፣ እንደ ወትሮው ለብሳችሁ፣ ሁልጊዜ በምትይዙት ቦርሳ። ወረቀት፣ መድኃኒት፣ ስልክ፣ አንድ ቅያሬ ልብስና ነጠላ ይበቃል። የማኅበሩ ወይም የወላጅ የሆነ ዕቃ አንድም አትያዙ።

ደብዳቤ ትታችሁ ውጡ። አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። ማንም አልወሰደኝም፤ በራሴ ፈቃድ ነው የወጣሁት። ማደሪያም ሥራም አለኝ። ከጉባኤው ወጣሁ እንጂ ከአንቺ አልወጣሁም። እሑድ ከሰዓት በኋላ እደውልልሻለሁ፤ ባታነሺውም አልቀየምም። ልጅሽ።»

እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሥራ አለው። «ማንም አልወሰደኝም» የሚለው ያስጠጋችሁ ሰው በጠለፋ እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። የመደወያው ቀን መታወቁ እናት ሳምንቱን ሙሉ በጭንቀት እንዳትውል ያደርጋል። አድራሻ የለበትም። ስለ ትምህርታቸው ስሕተት፣ ስለ መሪው ነውር የሚያወሳ ቃልም የለበትም፤ እንዲህ ያለ ቃል ብትጨምሩ ደብዳቤው በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ እናታችሁም በእናንተ ቃል ትዋረዳለች። የደብዳቤውን ፎቶ በስልካችሁ አስቀሩ። ከዚያም እሑድ ሲደርስ ደውሉ። ባይነሣም በየሳምንቱ ደውሉ።

ሰባተኛ፦ ሽማግሌ ሲላክ

ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም፤ በአገራችንም ሽማግሌን ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን ተዘጋጅታችሁ ተቀበሏቸው። መጀመሪያ ላኪው ማን እንደሆነ ጠይቁ፦ ወላጆቻችሁ ናቸው ወይስ ማኅበሩ? ቦታው የእነሱ ግቢ አይሁን፤ የጎረቤት ቤት ወይም የአጎት ቤት ይሻላል። ብቻችሁንም አትቀመጡ። የራሳችሁን ሽማግሌ አስቀምጡ፤ ዕድሜው የገፋ፣ በሰፈር የሚከበር፣ ማኅበሩን የማይፈራ ሰው።

ከዚያ ሁለቱን ጉዳዮች ለያዩ። ከወላጅ ጋር መታረቅ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ማኅበሩ መመለስ ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን አንድ አድርገው ያቀርቡላችኋል፤ የድርድሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቆማችሁ፣ በአክብሮት እንዲህ በሉ፦ «አባቶቼ፣ ስለ እኔ ስለደከማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከእናት ከአባቴ ጋር አስታርቁኝ፤ እግራቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወደ ጉባኤው መመለሴ ግን የእርቁ ውል አይሁን።» ደጋግመው ሲጠይቋችሁ ምክንያት አትደርድሩ፤ ይህንኑ ድገሙት። ምክንያት በሰጣችሁ ቁጥር መልስ ይዘጋጅለታል።

ድንጋይ ተሸክማችሁ ይቅርታ እንድትጠይቁ ቢወሰን፣ በወላጆቻችሁ ፊት ከሆነ ተሸከሙ። የወላጅ ልብ ተሰብሯል፤ ያንን መካስ ክብራችሁን አይቀንስም። በመሪው ፊት ከሆነ ግን አይሆንም በሉ፤ እሱ ሊታረቃችሁ አልተቀመጠም።

«እናትህ ታማለች፣ ድረስ» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ አትናቁት፤ በጭፍንም አትሩጡ። ከማኅበሩ ውጭ ላለ ጎረቤት ደውላችሁ አረጋግጡ። እውነት ከሆነ በቀን፣ ከሌላ ሰው ጋር ሂዱ።

ስምንተኛ፦ ግዝቱ

ብዙ የወጡ ሰዎች የማይናገሩት ይህንን ነው። ከወጣችሁ በኋላ የሚያስጨንቃችሁ የመሪው እርግማን ይሆናል። «ከዚህ የወጣ ዓመት አይደፍንም» ተብሎ ከልጅነት የሰማ ሰው፣ ራሱን በራቀ አገርም ቢያገኘው፣ ጉንፋን ሲይዘው እርግማኑ የደረሰ ይመስለዋል። ሌሊት ልብ እየመታ መንቃት፣ የጸሎት ሰዓት ሲያልፍ ላብ ማላብ፣ ገበያ መካከል የማኅበሩን ሰው የሚመስል ልብስ ሲያዩ እግር መከዳት አለ። አእምሮ ካወቀ በኋላም ሰውነት ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

የሚረዳው ምንድን ነው? ደብተር ያዙና የተነገሩትን ትንቢቶችና እርግማኖች ከነቀናቸው ጻፉ፤ ከጎኑም የሆነውን ጻፉ። ዓለም ታልፍበታለች የተባለው ቀን አልፎ በነጋታው ገበያ እንደ ወትሮው መቆሙን በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ ስታነቡት ከማንም ስብከት ይበልጣል። መንፈሳዊ መልስ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ አንድ ሊቅ ጠይቁ፤ ጎንደር የሊቃውንት ከተማ ናት፤ በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (የማኅሌት ሥርዓት) ምስክር ቤት ያለባት፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ደግሞ ሙስሊሙ ከጥንት ጀምሮ የኖረባት። እውነተኛ መምህር በጥያቄያችሁ አይቆጣም፤ ገንዘብም አይጠይቃችሁም።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቃችሁ፣ ምግብ ካልወረደላችሁ ወይም ሞትን መመኘት ከጀመራችሁ ግን ደብተርም ምክርም አይበቃም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ራሳችሁን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ሰው ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጠበልም ብትፈልጉ ጠበልና ሐኪም አይጣሉም፤ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ተጠመቁ።

ዘጠነኛ፦ እድር፣ ለቅሶና መርዶ

«ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ይህ ጥያቄ በሃያ ዓመቱ ወጣት ላይ እንኳን ይመጣል። ማኅበሩም ያውቀዋል፤ «እንደ ውሻ ትጣላለህ» የሚለው ዛቻ ከገሃነም ዛቻ ይልቅ ያስፈራል። መልሱ እድር ነው፤ ለዚህም ነው ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

በተከራያችሁበት ሰፈር ጥቂት ወራት እንደቆያችሁ የእድሩ ዳኛ ማን እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። ደንቡን እንዲያነብላችሁ ለምኑት፦ መመዝገቢያው ስንት ነው፣ ወርኃዊው ስንት ነው፣ ለእናት ለአባት ሞት ምን ይሰጣል፣ አዲስ አባል ከስንት ጊዜ በኋላ ይረዳል። ብዙ የሰፈር እድር የሚያስተሳስረው ጉርብትና ነው፤ በአንድ ደብር ዙሪያ የተመሠረተም ግን አለ፤ የቀብር ቦታውን ነገር በግልጽ ጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር መቀበር የምትሹ ከሆነ የንስሐ አባት መያዝ ያስፈልጋል። ከተመዘገባችሁ በኋላ ካርኒያችሁን አስቀምጡ፤ ከገንዘቡ ይበልጥ ግን መገኘታችሁ ይቆጠራል። ጥሩምባ ሲነፋ ውጡ። ድንኳን ትከሉ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከሙ፣ ውኃ ቅዱ፣ ሣልስቱ ድረስ አምሹ። ሰፈር ሰውን የሚያውቀው ለቅሶ ላይ ነው፤ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ «እሱማ የእኛ ነው» በሚል መልስ የሚተካው ድንኳን ውስጥ ነው። ቡና ሲጠሯችሁም ሂዱ፤ ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትነሡ።

ሁለተኛው ነገር መርዶ ነው። ማኅበሩ ስማችሁን ካጠፋው፣ ከቤተሰብ ሰው ሲሞት የሚነግራችሁ አይኖርም፤ አባቱ መቀበሩን ከአርባው በኋላ በወሬ የሰማ ሰው አውቃለሁ። ይህ እንዳይደርስባችሁ ከወላጆቻችሁ ቤት አጠገብ ያለ አንድ ጎረቤት ፈልጉ፤ ስልካችሁን ስጡት፤ በቀጥታም «አንድ ነገር ቢሆን ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ» በሉት። ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሂዱ። ለቅሶ ማንም ማንንም አይከለክልም። ከአዲሱ እድራችሁ ሰዎች ጋር በቡድን ሂዱ፣ ከማኅበሩ ሰዎች መካከል ሳይሆን ከጎረቤቶች ጋር ተቀመጡ፣ አልቅሱ፣ አስቀብሩ። የሚመልሳችሁ ቢኖር ቀባሪው ሁሉ ያያል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚደፍር የለም።

አሥረኛ፦ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠብቋችሁ ሁለት ነገሮች

አንዱ ጥምቀት ነው። እኛ ልጆች ሆነን ጥር 11 በር ተዘግቶብን፣ ከፋሲለደስ መዋኛ በኩል የሚመጣውን እልልታ በግድግዳ ነበር የምንሰማው። ከተማው ሁሉ ወጥቶ በሚዘምርበት ቀን ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ወደ ኋላ ይመለከታል። ስለዚህ ከከተራው በፊት ከማን ጋር እንደምትውሉ ወስኑ። ባታምኑበትም እንኳን ከሰው ጋር ዋሉ።

ሌላው አዲስ ማኅበር ነው። ከአንዱ የወጣ ሰው ባዶነቱ ስለሚከብደው ቶሎ ብሎ ሌላ «አባት» ይፈልጋል፤ እንደዚህ ያለውን ሰው የሚጠብቁም አሉ። ወደ የትኛውም ጉባኤ ከመግባታችሁ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል እንደ እንግዳ ብቻ ተመላለሱ። የሒሳብ መዝገቡ ለምእመን ይነበባል? መሪው «ተሳስቻለሁ» ሲል ተሰምቶ ያውቃል? ከዚያ የወጣ ሰው ዛሬም ከዘመዶቹ ጋር ይበላል? እነዚህን ጠይቁ። መልስ እስክታገኙ ዐሥራት አትስጡ፣ አትዳሩ፣ ሥራም አትልቀቁ።

ስልክ ቁጥራችሁን ግን በምንም ምክንያት አትቀይሩት። ታናናሾቻችሁ ያንኑ ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል። አንድ ቀን ሊደውሉ ይችላሉ፤ ሲደውሉ ስለ ማኅበሩ አትጠይቋቸው፣ እንዲወጡም አትገፋፏቸው። የት እንዳሉ፣ ደኅና መሆናቸውን፣ ትምህርት ቤት እየሄዱ መሆኑን ጠይቁ። መሄድ አቁመው ከሆነ በማግስቱ መምህራቸውን አነጋግሩ።